የእንቅርት ኪኒን፣ ኢንሱሊን እና ያለ ቦታው የዋለ ፍርሃታችን

ደሴ ላይ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። «ልጄ፣ ይሄ ኪኒን ኩላሊት ያደርቃል አሉኝ፣ እውነት ነው?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አብሽሩ እላለሁ። የሚገርመኝ ግን ሰዉ የሌለውን ጉዳት ይፈራና ያለውን «ብርድ ነው» ብሎ ማለፉ ነው።

«የእንቅርት ኪኒን ለእንቅርት ሁሉ ይሆናል»

አይሆንም። ሰኞ ገበያ ሁለት ጎረቤታሞች ይገናኛሉ፣ ሁለቱም አንገታቸው አብጧል፣ አንዷ «እኔን አሽሎኛል፣ ነይ ላካፍልሽ» ትላለች። ደግነት ነው፤ ግን አደገኛ ደግነት። እንቅርት የእብጠቱ ስም እንጂ የበሽታው ዓይነት አይደለም። አንዱ ላይ የአንገት ዕጢው (ታይሮይድ) ሆርሞን ያለልክ ያመነጫል፦ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰው እየበላ ይከሳል። ሌላው ሆርሞን ያንሰዋል፦ ብርድ ብርድ ማለት፣ ድካም፣ የሆድ ድርቀት ይመጣል። ሦስተኛው ሆርሞኑ ልክ ነው፣ ዕጢው ብቻ ነው ያበጠው፤ በደጋው አገራችን አዮዲን በማነሱ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ይሄ ነው። ለመጀመሪያው ፒቲዩ (ፕሮፒልታዮዩራሲል) ወይም ካርቢማዞል ይታዘዛል፣ ለሁለተኛው ሌቮታይሮክሲን። አንዱ ያፍናል፣ ሌላው ይተካል። ልቧ ቀድሞ ለሚሮጥባት ሴት ሌቮታይሮክሲን ማካፈል እሳት ላይ ጋዝ መጨመር ነው።

«ሁለት ሳምንት ወሰድኩት፣ ምንም አላደረገልኝም»

ፒቲዩም ሆነ ካርቢማዞል አዲስ ሆርሞን እንዳይመረት ይከለክላሉ እንጂ በዕጢው ጎተራ ውስጥ የተከማቸውን አያወጡም። ጎተራው እስኪጎድል ከ4 እስከ 8 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። እስከዚያ ልብን የሚያረጋጋው ፕሮፕራኖሎል የሚባለው ነው፤ አስም ካለባችሁ ግን ሳትናገሩ እንዳትወስዱት። ፒቲዩው ወይም ካርቢማዞሉ ራሱ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ይወሰዳል።

«ጉሮሮዬን የከረከረኝ ብርዱ ነው»

ጦሳ ሥር እየኖረ ጉሮሮው የማይከረክረው ማን አለ? ሰዉ የሚሳሳተውም ለዚህ ነው። ፒቲዩና ካርቢማዞል አልፎ አልፎ፣ ከ1000 ሰው ምናልባት ከ2 እስከ 5 በሚሆነው ላይ፣ ነጭ የደም ሴልን ክፉኛ ያወርዳሉ። ያኔ ሰውነት ተራ ኢንፌክሽን እንኳ መቋቋም ያቅተዋል። አብዛኛው የሚከሰተው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። ምልክቱ ትኩሳትና የጉሮሮ ቁስለት ነው፣ ሌላ ምንም ላይኖር ይችላል። ስለዚህ እነዚህን ኪኒኖች እየወሰዳችሁ ጉሮሯችሁ ከቆሰለና ትኩሳት ከመጣ ኪኒኑን አቁማችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱና የደም ምርመራ አሠሩ፤ ዝንጅብሉና ጤና አዳሙ ከውጤቱ በኋላ ይደርሳል። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትም ከጠቆረ እንዲሁ፤ ጉበት ሊሆን ይችላል፣ በተለይ ፒቲዩ ላይ።

ይሄን የሚጠይቀኝ የለም። የምጠየቀው «መሃን ያደርጋል ወይ?» ተብዬ ነው። መውለድ የሚያስቸግረው ያልታከመው በሽታ ነው። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ቶሎ ተናገሩ፣ መድኃኒቱ ሊቀየር ይችላል፤ በራሳችሁ ግን አታቁሙ።

«በቡና ባወራርደው ምን አለበት?»

ሌቮታይሮክሲን ከሆነ አለበት። ቡና ወደ ሰውነት የሚገባውን መጠን ይቀንሰዋል፣ ምግብም እንደዚያው። በባዶ ሆድ፣ በውኃ፣ ከዚያ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ መጠበቅ። ወሎ ላይ ጠዋት ያለ ቡና እንደማይነጋ አውቃለሁ፣ ደግነቱ ቡናችን ራሱ ሰዓት ነው፦ እትዬ ቡናውን ማጠብ ስትጀምር ኪኒኑን ዋጡት፤ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ፈልቶ አቦሉ እስኪቀዳ ጊዜው ይሞላል። ለደም ማነስ የሚወሰደው የብረት ኪኒንና ካልሲየም ግን ከእሱ በ4 ሰዓት ልዩነት ይራቁ።

«ኢንሱሊን ከተጀመረ አበቃ»

በ1922 እ.ኤ.አ. ቶሮንቶ ውስጥ ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ የተወጋው የ14 ዓመት ልጅ ነበር፤ ከዚያ በፊት የእሱ ዓይነት ስኳር የያዘው ልጅ ይሞት ነበር። ሱስም አይደለም፣ የጎደለውን መተካት ነው። እውነተኛው ጉዳቱ የስኳር መውረድ ነው፦ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት። ወዲያው 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ ጠጡ። በጾም ወቅትም ቢሆን፤ ሸኽዎንም የንስሐ አባትዎንም ይጠይቁ፣ ለታመመ ሰው ተፈቅዷል። ከሚሴና ባቲ ሙቀቱ ውስጥ ያላችሁ ደግሞ ፍሪጅ ከሌለ ኢንሱሊኑን በላስቲክ ጠቅልላችሁ እርጥብ አሸዋ የከበበው ሸክላ ውስጥ አስቀምጡት።

ያ ኩላሊት ያደርቃል የሚባለው ኪኒን ሜትፎርሚን፣ የስኳር መድኃኒቱ ነው። ኩላሊቱን የሚጎዳው ያልተቆጣጠርነው ስኳር ነው፣ ኩላሊት ከደከመ በኋላ የኪኒኑ መጠን ይቀነሳል ወይም ይቆማል። ሆድ ያበሳጫል፣ እሱ እውነት ነው፤ ከምግብ ጋር ውሰዱት።

«የሚያወፍር ኪኒን ስጠኝ»

ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን ማለታቸው ነው። ፊትን ድቡልቡል ያደርጋል፣ ውበት ግን አይደለም። ስኳርና ደም ግፊት ያወጣል፣ አጥንት ያሳሳል። ከሁሉ የሚከፋው፣ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች «ከውጭ እየመጣልን ነው» ብለው ሥራ ያቆማሉ፤ ለረጅም ጊዜ ወስዶ በድንገት የተወው ሰው ተዝለፍልፎ ሊወድቅ፣ ሊሞትም ይችላል። ባለፈው ሠርጓ የቀረበ አንዲት ልጅ መጥታ ይሄን ሁሉ አስረዳኋት። ራሷን እየነቀነቀች በትዕግሥት አዳመጠችኝ። ስጨርስ «እሺ፣ ግማሹን ብቻ ስጠኝ» አለችኝ።