ስለ ኤምካት በየቤቱ የሚወራው እና እውነታው

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ሕክምና ለመማር የሚዘጋጁ የሐበሻ ልጆችን አስጠናለሁ። የማስጠናው ኤምካትን ነው፤ አሜሪካ ውስጥ የሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት የሚወሰደውን ፈተና። ፈተናው ከባድ ነው፣ ልጆቹም ይለፋሉ። እኔን የሚያደክመኝ ግን በየሰርጉ፣ በየክርስትናውና በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስለ ፈተናው የሚወራው ነገር ነው። ያው ወሬ በየዓመቱ ይመጣል። ልጆቹም አምነውበት ይመጡና የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያንን በማስረሳት እንፈጃለን። ስለዚህ አንዴ ልጻፈው።

"ኤምካት ማለት የአሜሪካ ማትሪክ ነው"

ከሁሉም በላይ የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው። ብዙው ጉዳት የሚመጣውም ከዚህ ነው።

ማትሪክ የተፈተነ ወላጅ ፈተና ሲባል የሚያውቀው አንድ መንገድ ነው። ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር ትሸመድዳለህ፣ የሸመደድከውን ወረቀቱ ላይ ታወርዳለህ፣ ባመጣኸው ነጥብ ትመደባለህ። ስለዚህ ልጁን በየሳምንቱ "መጽሐፎቹን ጨረስክ?" እያለ ይጠይቃል። ልጁም ለመጨረስ ያነባል። ወፍራም የዝግጅት መጻሕፍት ገዝቶ በአራት ዓይነት ቀለም ያሰምርባቸዋል። ሲጨርስ ከመጀመሪያው ይደግማቸዋል። የሙከራ ፈተናዎቹን "በደንብ ሳልዘጋጅ አላባክናቸውም" ብሎ ለመጨረሻው ሳምንት ያስቀምጣቸዋል። ከዚያ የመጀመሪያውን የሙከራ ፈተና ወስዶ 495 ሲያይ (ነጥቡ የሚሰጠው ከ472 እስከ 528 ነው) ይደነግጣል። ፈተናው ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት ይደውልልኛል።

ፈተናው እንዴት እንደተሠራ እዩት። 230 ጥያቄ አለው፤ በ4 ክፍል ተከፍሏል። ሦስቱ የሳይንስ ክፍሎች ናቸው፣ እያንዳንዳቸው 59 ጥያቄ በ95 ደቂቃ። አራተኛው ካርስ የሚባለው የንባብ ክፍል ነው፣ 53 ጥያቄ በ90 ደቂቃ። ከእረፍቱ ጋር ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ካልኩሌተር የለም። በየሳይንሱ ክፍል ካሉት 59 ጥያቄዎች 44ቱ ምንባብ ተከትለው የሚመጡ ናቸው። ምንባቡ አብዛኛውን ጊዜ ተማሪው አይቶት የማያውቀው ሙከራ ነው፤ ሠንጠረዥ አለው፣ ግራፍ አለው። ጥያቄው "ይህን ታውቃለህ?" አይደለም። "በምታውቀው ነገር ይህን አዲስ ነገር መረዳት ትችላለህ?" ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ባዮኬሚስትሪ ኤ ያመጣች ልጅ ነበረች። ኢንዛይም (ኬሚካላዊ ምላሽ የሚያፋጥን ፕሮቲን) ላይ ከሰብስትሬት (ኢንዛይሙ ከሚሠራበት ንጥረ ነገር) ጋር ቦታ የሚሻማ ማገጃ ሲገባ ቪማክስ (የምላሹ ከፍተኛ ፍጥነት) እንደማይለወጥ፣ ኬኤም (የዚያን ፍጥነት ግማሽ ለመድረስ የሚያስፈልገው የሰብስትሬት መጠን) ግን እንደሚጨምር ከእንቅልፏ ብትቀሰቅሷት ትነግራችኋለች። ምንባቡ ግን ነገሩን በዚህ መልክ አላቀረበውም። ያቀረበው ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች ያሉበት ግራፍ ነው። ቋሚው ዘንግ ላይ "1 ሲካፈል ለፍጥነት" ተጽፏል። እሷ ሁለተኛው መስመር ከፍ ማለቱን አየችና "ይሄ ነገር ምላሹን አፋጥኖታል" ብላ መለሰች። ዘንጉ ግን የተገለበጠ ነው፤ መስመሩ ከፍ ሲል ፍጥነቱ ቀንሷል ማለት ነው። ሁለቱ መስመሮች ደግሞ ቋሚው ዘንግ ላይ አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ፣ ማለትም ቪማክስ አልተነካም። መልሱ በቃሏ የምታውቀው ያው ማገጃ ነበር። እውቀት አልጎደላትም። ዘንጉን አላነበበችም፣ በቃ።

ይህቺ ልጅ ምዕራፉን ሦስተኛ ጊዜ ብታነበው ምን ይጨምርላታል? ምንም። የሚጨምርላት የተሳሳተችውን ጥያቄ ቁጭ ብላ መመርመሯ ነው። እኔ ተማሪዎቼን የስህተት ደብተር አስይዛቸዋለሁ። ለእያንዳንዱ የተሳሳቱት ጥያቄ ሦስት ነገር ይጽፋሉ፦ ጥያቄው የጠየቀው ምንድን ነው፣ ያን መልስ ለምን መረጥኩ፣ ምንባቡ ውስጥ የትኛው ቃል ወይም ቁጥር ሊያድነኝ ይችል ነበር። ገምተው ያገኙትንም ይጽፋሉ፤ በግምት የተገኘ መልስ በሚቀጥለው ጊዜ ስህተት ሆኖ ይመጣልና። የአንድ ሙሉ የሙከራ ፈተና ምርመራ ፈተናውን ከመውሰድ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። ቅዳሜ የተፈተነ ልጅ እሑድና ሰኞን ለምርመራ ይያዝ። ሁለት ሳምንት ከተሠራበት ደብተሩ ራሱ ችግሩን ይናገራል። አንዱ ግራፍ አያነብም፣ ሌላው "በስተቀር" የሚለውን ቃል ይዘላል፣ ሌላዋ መጨረሻ ላይ ሰዓት ያልቅባታል። መድኃኒቱም የተለያየ ነው።

መሸምደድ የለም አላልኩም። 20ዎቹን አሚኖ አሲዶች ከነቅርጻቸውና ከነምህጻራቸው በቃል መያዝ ግዴታ ነው። የፊዚክስ ቀመሮችና ሆርሞኖችም እንዲሁ። ግን ያ መነሻው ነው። ካላችሁ ጊዜ ግማሹ ሲያልፍ መጽሐፉ ይዘጋ፣ ጥያቄ መሥራት ይጀመር። ፈተናውን የሚያዘጋጀው የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ያወጣቸው የሙከራ ፈተናዎች ከሁሉም ይበልጣሉ። የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ላይ አከፋፍላችሁ፣ በፈተናው ሰዓት፣ ስልክ ዘግታችሁ ውሰዷቸው።

ወላጆችም አንድ ነገር አድርጉልኝ። "ጨረስክ?" የሚለውን ጥያቄ ተዉት። "ዛሬ የተሳሳትከው ምኑን ነው?" በሉት።

"ካርስ እንግሊዝኛ አፋቸውን ለፈቱበት ነው፣ ለእኛ ልጅ አይሆንም"

ካርስ 9 ምንባብ አለው። ከፍልስፍና፣ ከታሪክ፣ ከሥነ ጥበብ፣ ከማኅበረሰብ ሳይንስ የተወሰዱ ናቸው። ከምንባቡ ውጭ ምንም እውቀት አይጠይቅም። የቃላት ፈተናም አይደለም። እንደ ቶፍል ከባባድ ቃላት ሲሸመድዱ የከረሙ ልጆች አጋጥመውኛል። ወራት በከንቱ!

እዚሁ የተወለዱትም ይቸገሩበታል፤ ብዙዎቹ ከስልክ ውጭ ስለማያነቡ። የእኛ ልጆች ላይ ደጋግሜ ያየሁት ስህተት ሌላ ነው። ጸሐፊው ያለውን ትተው እነሱ የሚያምኑትን ይመልሳሉ። ምንባቡ ስለ ባህላዊ ሕክምና ከሆነ የአያታቸውን ቤት ያስታውሳሉ፣ ጸሐፊውን ይረሱታል።

ሃይስኩል መሃል ላይ ወደ አሜሪካ የመጣ፣ ሌሊት ፓርኪንግ ጋራዥ የሚሠራ ልጅ ነበረኝ። መኪና ሲቀንስ አንድ ምንባብ ያነብባል። በየአንቀጹ ይቆምና "ይሄ ሰውዬ ምን እያለ ነው? ማንን ነው የሚቃወመው?" ብሎ ራሱን በአማርኛ ይጠይቃል፣ በአማርኛም ይመልሳል። በአማርኛ መናገር ካልቻለ አልገባውም ማለት ነው፣ ይመለሳል። ቀን በቀን፣ ለወራት። ካርስ በአንድ ሳምንት አይነሳም። የልጁ ነጥብ ግን ተነሳ፤ ዛሬ የሕክምና ተማሪ ነው።

አጫጭሮቹ

"የማለፊያ ነጥብ አለው።" የለውም። ከ472 እስከ 528 ነው፣ መሃሉ 500።

"የተሳሳተ መልስ ነጥብ ያስቀንሳል።" አያስቀንስም። ባዶ የሚተው ጥያቄ መኖር የለበትም።

"ጥር ላይ ጎበዞቹ ስለሚፈተኑ ይከብዳል።" ነጥባችሁ ያን ቀን አብረዋችሁ ከተቀመጡት ጋር ተወዳድሮ አይሰጥም። አንዱ ቀን ከሌላው ቢከብድ ነጥቡ ሲሰላ ይስተካከላል። ዝግጁ ስትሆኑ ተፈተኑ።

"ሳይኮሎጂና ሶሺዮሎጂ በመጨረሻው ሳምንት ይደረስበታል።" ያ ከሦስቱ የሳይንስ ክፍሎች አንዱ ነው፤ ከ118 እስከ 132 ነጥብ ይሰጥበታል፣ ልክ እንደ ኬሚስትሪው። በዚያ ላይ የቀኑ የመጨረሻ ክፍል ነው፣ ጭንቅላት ሲደክም።

"ዲኦ ሐኪም አይደለም።" ነው። ዲኦ ከተለመደው ኤምዲ ጎን ያለ ሌላ የሕክምና ዲግሪ ነው፤ የሚሰጡት ኦስቲዮፓቲክ የሚባሉት ትምህርት ቤቶች ናቸው። ምሩቃቸው አሜሪካ ውስጥ በሁሉም ግዛት ሙሉ ፈቃድ ማግኘት የሚችል ሐኪም ነው፤ ቀዶ ሕክምናም ይሠራል። የሚገቡት ተማሪዎች አማካይ ነጥብ ዝቅ ይላል እንጂ ትምህርቱ ሕክምና ነው። ይህን ባለማወቅ ልጃቸው እንዳያመለክት የከለከሉ ቤተሰቦች አውቃለሁ። ያሳዝነኛል።

"መጀመሪያ ልሞክረው፣ ካልሆነ እደግመዋለሁ"

በአንድ ዓመት 3 ጊዜ፣ በሁለት ተከታታይ ዓመት 4 ጊዜ፣ በሕይወት ዘመን 7 ጊዜ ነው የሚፈቀደው። ተመዝግቦ መቅረትም ይቆጠራል። ፈተናው ሲያልቅ "ውጤቴ አይታይብኝ" ብሎ መሰረዝ ይቻላል፣ ያም ይቆጠራል። የተሰጡ ነጥቦች በሙሉ ደግሞ ለትምህርት ቤቶቹ ይታያሉ። አንዱ ከፍተኛውን ያያል፣ ሌላው የመጨረሻውን፣ ሌላው አማካዩን። ለመሞከር የሙከራ ፈተና አለ።

"515 ካላመጣ አለቀ"

515 ያመጣ ሰው ከ10 ተፈታኞች 9ኙን ገደማ በልጧል። እንደ መነሻ የምታወሩት ቁጥር ይሄ ነው! ኤምዲ ትምህርት ቤት የገቡት ተማሪዎች አማካይ በቅርብ ዓመታት 512 ገደማ ነው። አማካይ ነው፤ ከሱ በታች ሆነው የገቡ ብዙ ናቸው። በተቃራኒው ከ517 በላይ አምጥተው፣ የኮሌጅ ነጥባቸውም ከ3.8 ያላነሰ ሆኖ፣ ከ5 አመልካች አንዱ ገደማ የትም ሳይገባ ይቀራል። ምደባ የለማ። ትምህርት ቤቶቹ የኮሌጅ ውጤቱን፣ ከሕሙማን ጋር ያሳለፈውን ጊዜ፣ የድጋፍ ደብዳቤዎቹን፣ ጽሑፉንና ቃለ መጠይቁን ያያሉ።

"የእገሌ ልጅ 513 አመጣ፣ አንተ ለምን 511?" የሚለውም ይቁም። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ማኅበር ራሱ ነጥቡ 2 ወደ ላይ፣ 2 ወደ ታች ሊወዛወዝ እንደሚችል ይናገራል። በ511 እና በ513 መካከል ስለ ልጃችሁ ጭንቅላት የሚነገር ነገር የለም።

ውጤት የሚወጣው ከ30 እስከ 35 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። አንድ አባት የሚወጣበትን ቀን ለጽዋ ማኅበሩ በሙሉ ተናግሮ ነበር። ጠዋት ስልኩ መጮኽ ጀመረ። ልጅቷ 504 አምጥታለች። "ገና አልወጣም" እያለች ሳምንታት ዋሸች፤ እህል አልበላ አላት። እኔ ጋ ስትመጣ ስለ ፈተናው አልነበረም የምታወራው፣ ስለ አባቷ አንገት መድፋት ነበር። የፈተናውንም የውጤቱንም ቀን ለማንም አትናገሩ። ሰው ከጠየቀ "እየተዘጋጀ ነው" በቂ ነው። ልጃችሁ እንቅልፍ ካጣ፣ ከሰው ከሸሸ፣ የዩኒቨርሲቲው አማካሪ ጋ እንዲሄድ አበረታቱት። መኖር አስጠላኝ ካለ 988 ወደሚባለው የአሜሪካ የችግር ጊዜ እርዳታ መስመር ይደወላል፤ ሌት ተቀን ይሠራል።

ዝቅ ያለ ነጥብ ለደረሳችሁ ደግሞ፦ በዚያው ሌሊት ለድጋሚ አትመዝገቡ። መጀመሪያ የመጨረሻዎቹን የሙከራ ፈተናዎች አማካይ አውጡ። ነጥቡ ከዚያ ጋር ከተቀራረበ ፈተናው አልከዳችሁም፤ የአዘገጃጀት መንገዳችሁ ይቀየር። በጣም ከወረደ ያን ቀን የሆነውን ፈልጉ፦ እንቅልፍ፣ ሰዓት፣ ድንጋጤ። የወደቀው አንድ ክፍል ብቻ ከሆነ ሥራችሁ አንድ ክፍል ነው። ሥራ እየሠራችሁ የምታጠኑ ከሆነ የሦስት ወሩን ዕቅድ ወደ ስድስት ወር ዘርጉት፣ ሰርግና ክርስትናም ይለፋችሁ። ዘመድ ይቀየማል፣ በኋላ ይታረቃል።

"ገንዘብ የሌለው አይሆንለትም"

በሺህ የሚቆጠር ዶላር የሚያስከፍሉ ኮርሶች አሉ። ግዴታ አይደሉም። ካን አካዳሚ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ያሉት የሳይንስ ቪዲዮዎች ነፃ ናቸው። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ማኅበር ደግሞ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ተማሪዎች የክፍያ ድጋፍ አለው። ዜጎች ብቻ ሳይሆኑ ግሪን ካርድ ያላቸው፣ ስደተኞችና ጥገኝነት ያገኙም ማመልከት ይችላሉ። የመመዝገቢያውን ዋጋ ከግማሽ በላይ ይቀንሳል፣ የማኅበሩን የልምምድ ጥያቄዎች በነፃ ይሰጣል፣ ወደ ኤምዲ ትምህርት ቤቶች የሚላከውን ማመልከቻ ክፍያም ይሸፍናል። የወላጅ የገቢ ወረቀት ሊጠየቅ ስለሚችል ወረቀቱን አስቀድማችሁ ሰብስቡ። ድጋፉ መጽደቅ ያለበት ለፈተናው ከመመዝገባችሁ በፊት ነው። ከፍላችሁ ከተመዘገባችሁ በኋላ ቢጸድቅ የከፈላችሁት አይመለስም።