የጣና ሞገዶቹ መጪ ዓመት፦ እየተሳሳትን የምንደጋግማቸው ነገሮችና እውነታው

ክረምቱ ሊወጣ ነው። ዝናቡ ቀነስ ማለት ሲጀምር ባሕር ዳር ላይ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ የጣና ሞገዶቹ የምንለው የእግር ኳስ ቡድናችን ባሕር ዳር ከነማ ዘንድሮ ምን ይሆናል? ዓባይ ማዶ ብትሻገሩ፣ ሽምብጥ ብትወርዱ፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ አዝዛችሁ ብትቀመጡ ያው ነው። የባጃጁ ሾፌር ራሱ የብር መልስ ሳይሰጣችሁ በፊት አሰላለፉን ይነግራችኋል። እኔም ከነሱ የተለየሁ አይደለሁም፤ ቲፎዞ ነኝ። ግን በየዓመቱ ሊጉ ሳይጀመር የምንደጋግማቸው አባባሎች አሉ። በነሱ ተማምነን ዋንጫ እንጠብቃለን፤ አራተኛው ሳምንት ላይ ደግሞ በነሱው ተናደን አሰልጣኙ ይባረር እንላለን። ዘንድሮ ወሬው ሳይግል አንድ በአንድ እንያቸው።

«ሜዳችን ላይ ማንም አይችለንም»

ይሄ በ2011 ዓ.ም ልክ ነበር። ያኔ ፕሪሚየር ሊጉን ገና መቀላቀላችን ነው፤ ሊጉም በደርሶ መልስ፣ አንዱ ሌላው ከተማ ድረስ ሄዶ የሚጫወትበት ነበር። ከተማው ግልብጥ ብሎ ይወጣ ነበር። ከ2013 ዓ.ም ወዲህ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በኮሮና ምክንያት የ2012ቱ ውድድር ያለ ሻምፒዮን ተሰርዞ ሊጉ ሲመለስ ጨዋታዎቹ በተመረጡ ከተሞች በዙር መካሄድ ጀመሩ፤ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። ሁሉም ቡድን አንድ ከተማ ይገባል፣ ሆቴል ይይዛል፣ ለሳምንታት እዚያው ይጫወታል፣ ከዚያ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሌላ ከተማ። ጨዋታው በዲኤስቲቪ በቀጥታ መታየቱም በዚሁ ጊዜ ነው የመጣው።

ታዲያ በዚህ አካሄድ «ሜዳችን» የሚባለው ነገር ምን ያህል ይቀራል? ከተማችን ዙር ቢደርሳት እንኳ ጥቂት ሳምንት ነው። የቀረው ዓመት ሙሉ ቡድኑ እንግዳ ነው። ስለዚህ የቡድናችንን ዓመት የሚወስነው ጣና ዳር ያለው ጩኸት ሳይሆን ልጆቹ ከቤተሰብ ርቀው ሆቴል ውስጥ ለወራት ሲቀመጡ እንዴት ነው የሚኖሩት የሚለው ነው። ምግቡ፣ እንቅልፉ፣ የሕክምና ባለሙያው፣ ደመወዙ በጊዜ መግባቱ። እነዚህን የሚጠይቅ ደጋፊ ብዙ አላየሁም። ሁላችንም የምንጠይቀው «ማን ፈረመ?» ብቻ ነው። ደመወዝ ሁለት ወር የዘገየበት አጥቂ ደግሞ ስሙ ምንም ያህል ትልቅ ቢሆን ሐሳቡ ኳሷ ላይ አይሆንም፣ ይሄ በየትኛውም ክለብ ያለ ሐቅ ነው።

«ከፍታው ያግዘናል»

ኧረ ተዉ። ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ላይ ነው ያለችው። አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ ነው፣ ጎንደርም ከ2,000 በላይ። በሊጉ ውስጥ በከፍታ በብዙ የምንበልጠው ከተማ ጥቂት ነው፤ እንዲያውም አዲስ አበባ ስንጫወት የሚያለከልከው የኛ ልጅ ነው። ድሬዳዋ ስንወርድ ደግሞ፣ እሷ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ችግሩ አየር ማጠሩ ሳይሆን ሙቀቱ ነው።

ከፍታው የሚያግዘን የውጭ ቡድን ሲመጣ ነው የሚል አለ። እሺ፣ ብሔራዊ ቡድኑን እንይ። ባሕር ዳር ስታዲየም ላይ በኅዳር 2012 ኮትዲቯርን 2 ለ 1 አሸንፈናል። በመጋቢት 2013 ማዳጋስካርን 4 ለ 0፣ እሱም ወደ ካሜሩኑ አፍሪካ ዋንጫ ያስገባን ጉዞ አካል ነው። ሁለቱም ደስ ይላሉ። ግን በመስከረም መጨረሻ 2014 ደቡብ አፍሪካ እዚሁ መጥታ 3 ለ 1 አሸንፋን ሄደች። ጆሃንስበርግ ስንት ሜትር ላይ እንዳለች ታውቃላችሁ? 1,750 አካባቢ። ለነሱ ባሕር ዳር እንደ ሰፈራቸው ነው።

ክለባችንም ያው ነው። በ2015 ክረምት በአፍሪካ ክለቦች ውድድር፣ በኮንፌዴሬሽን ካፕ፣ የታንዛኒያውን አዛምን አዲስ አበባ ላይ ስናስተናግድ ሰዎቹ ከባሕር ወለል፣ ከዳሬሰላም ነው የመጡት። ከፍታ ብቻውን ጨዋታ የሚያሸንፍ ቢሆን አምስት እናገባ ነበር። ያሸነፍነው 2 ለ 1 ነው። እነሱም ሜዳቸው ላይ በተራቸው 2 ለ 1 አሸነፉን፣ በመለያ ምት አለፍን። ያሳለፈን የግብ ጠባቂውና የመቺዎቹ ልብ ነው።

«ስታዲየሙ የታገደው በሣሩ ነው፣ ሣሩ ከተተከለ ያልቃል»

ስለ ስታዲየሙ ስንነጋገር ሁላችንም እናዝናለን፤ አዝኖ ማሰብ ደግሞ ይከብዳል። ወደ 60 ሺህ ሰው እንዲይዝ የታሰበ ሜዳ ነው። በ2007 ዓ.ም ሌሶቶን 2 ለ 1 ያሸነፍንበት ቀን የነበረውን ሕዝብ ያየ ሰው ይሄ ሜዳ ምን እንደሆነ ያውቃል። በ2014 መጀመሪያ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ከዓለም አቀፍ ጨዋታ ሲያግደው ብዙ ሰው «ሣሩ ነው» ብሎ ደመደመ።

ሣር አንዱ ነገር ነው። የካፍ መስፈርት ግን ረጅም ዝርዝር ነው። ቁጥር ያለው የተመልካች ወንበር፣ የምሽት መብራት፣ ደረጃውን የጠበቀ የመልበሻ ክፍል፣ የሕክምናና የአበረታች መድኃኒት ምርመራ ክፍል፣ የጋዜጠኞች ቦታ፣ የድንገተኛ መውጫ በር። ሲሚንቶ ላይ ካርቶን አንጥፎ መቀመጥ ለኛ ትዝታ ነው፣ ለካፍ ግን ጉድለት ነው። አንዱ ተሠርቶ ሌላው ከቀረ እገዳው አይነሳም። «ሣሩ አረንጓዴ ሆኗል» የሚል ፎቶ ባየን ቁጥር «በሚቀጥለው ወር ብሔራዊ ቡድን ይመጣል» ማለት ቢቀርብን ጥሩ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ሜዳ የሌለው ቡድን ይሸነፋል የሚል ሕግ የለም። በሰኔ 2014 ብሔራዊ ቡድኑ «የሜዳው» የተባለውን ጨዋታ ማላዊ ሄዶ፣ ሊሎንግዌ ላይ፣ ግብፅን 2 ለ 0 አሸንፏል። ይሄን የምለው ሜዳው አይሠራ ለማለት አይደለም፤ ይሠራ፣ ቶሎ ይሠራ። ግን ለሽንፈት ሁሉ ሜዳውን ማሳበብ ይቅር።

«ሁለተኛ ከወጣን ቀጣዩ አንደኛ ነው»

በ2015 ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቀጥለን ሁለተኛ ሆንን። ያኔ ከተማው ሙሉ «በ2016 የኛ ነው» ሲል ነበር። ዋንጫውን ማን ወሰደ? ንግድ ባንክ። ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ካለው ከከፍተኛ ሊግ ገና የመጣ ቡድን።

ደረጃ ደረጃ ነው፣ እንደ ደረጃ መውጫ ግን አንድ በአንድ አይረገጥም። ጥሩ ዓመት ያሳለፈ ቡድን ክረምት ላይ ይዘረፋል፤ ጥሩ ተጫዋቾቹ ላይ ሁሉም ዓይኑን ይጥላል። እኛ ደግሞ ከአፍሪካ ውድድር ጋር ነው ዓመቱን የጀመርነው፣ ሊጉ ሳይከፈት ነሐሴ ላይ ወሳኝ ጨዋታ፣ አዛምን አልፈን ከቱኒዚያው ክለብ አፍሪካን ጋር ሌላ ደርሶ መልስ፣ እዚያው ላይ ቀረን። እረፍቱ አጠረ፣ ዝግጅቱ ተቆራረጠ። ይሄ ውርደት አይደለም፣ ክብር ነው፤ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ስለዚህ አንድ ቡድን በሚቀጥለው ዓመት የት ይደርሳል ብላችሁ ስትገምቱ ያምናውን ደረጃ ሳይሆን ካምና አሰላለፍ ስንቱ ቀርቷል የሚለውን ቁጠሩ። ከአስራ አንዱ ሰባት ስምንቱ ካሉ እኔ አልሰጋም። አራት ብቻ ከቀሩ ሰባቱ አዳዲሶች ምንም ያህል ጥሩ ቢሆኑ እስኪግባቡ ታኅሣሥ ይደርሳል።

«አዲስ የመጡት ቡድኖች ነጥብ መሰብሰቢያ ናቸው»

ከላይ ንግድ ባንክን አንስቻለሁ። ጅማ አባ ጅፋርም አለ፤ በ2010 ሊጉን በተቀላቀለበት ዓመት ዋንጫ በላ። እሱው ቡድን በ2014 ወረደ፣ እሱም ሌላ ትምህርት ነው። ኢትዮጵያ መድንም ከተመለሰ ብዙ ሳይቆይ በ2017 ሻምፒዮን ሆኗል። አዲስ መጪ ቡድን የሚርበው ነገር አለ፣ አጨዋወቱንም ማንም አላጠናውም። «እነሱን እንኳ» እያላችሁ የምትገቡበት ጨዋታ ካለ እኔ እሱን ነው የምፈራው። በዚያ ላይ በ2017 መቐለ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎና ስሑል ሽረ ተመልሰው ሊጉ ከሰፋ ወዲህ ጨዋታ በዝቷል። ብዙ ጨዋታ ማለት ሰፊ ቡድን ያለው ያሸንፋል ማለት ነው።

«አንድ ጨራሽ አጥቂ ካስፈረምን በቃ»

አቡበከር ናስር። በ2013 ለኢትዮጵያ ቡና 29 ግብ አስቆጥሮ የሊጉን ሪከርድ ሰበረ። ከዚህ በላይ ጨራሽ ከየት ይመጣል? ዋንጫውን የወሰደው ግን የጎንደሩ ፋሲል ከነማ ነው። ተናግሬ ጨረስኩ።

ያው ጎንደሮችን ማመስገን ለኛ ሰው ትንሽ ያንቃል፣ ግን እውነቱ እሱ ነው፤ የከተማ ቡድን ዋንጫ ማንሳት እንደሚችል እነሱም አሳይተውናል። «ባንክና መከላከያ ባሉበት የከተማ አስተዳደር ቡድን ምን ያመጣል» ለሚሉትም መልሱ ይኸው ነው። ገንዘቡ ላይም ቢሆን ሁሉ ነገር ልቅ አይደለም። በ2011 ክረምት ክለቦች የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር፤ ኋላም ሊጉ ክለቦች ለተጫዋች የሚያወጡትን ጠቅላላ ገንዘብ የሚገድብ ደንብ አውጥቷል። እንዲህ ያለ ገደብ ባለበት ሊግ ብልጥ ምልመላ ከወፍራም ኪስ ጋር ይፎካከራል። ከዙሪያችን ከሚገኙ ወረዳዎች ስንት ልጅ አለ ኳስ የሚችል? ለፈረመው የሚያጨበጭብ ሰው አለ፣ የ18 ዓመቱን ልጅ ልምምድ ሄዶ የሚያይ ግን የለም።

«ዋናው አለመሸነፍ ነው»

ይሄን የሚሉት ትልልቆቹ ናቸው፣ ጋሼዎቹ፣ ስለዚህ በአክብሮት ነው የምቃወመው። በ30 ጨዋታ እንቁጠር። አንዱ ቡድን 15 አሸንፎ 10 አቻ ወጥቶ 5 ብቻ ቢሸነፍ 55 ነጥብ አለው። ሌላው 18 አሸንፎ፣ 4 አቻ ወጥቶ፣ 8 ጊዜ ቢሸነፍ 58። ስምንት ጊዜ የተዋረደው ቡድን ከላይ ነው! በመጨረሻዎቹ አስር ደቂቃዎች 1 ለ 1 ይዞ ወደኋላ የሚሸሽ ቡድን ካየሁ ጥርሴን ነው የማፋጨው። ተሸንፈን እንኳ አጥቅተን እንሸነፍ።

«ስም ያለው አሰልጣኝ ይምጣልን»

በ2014 የያዙን ቀድሞ የብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ የነበሩት አብርሃም መብራቱ ነበሩ። ትልቅ ሰው፣ የተማሩ። ለዋንጫ የሚያሰጋ ቡድን ግን አልሆንንም። በቀጣዩ ዓመት በደግአረገ ይግዛው ሁለተኛ ወጣን። ከዚህ ተነስቼ አንዱ ይሻላል አልልም፤ አሰልጣኝ የሚመዘነው በተሰጠው ቡድንና በተሰጠው ጊዜ ነው። በሦስት ሽንፈት የሚባረር ከሆነ ማንም ቢመጣ ያው ነው።

«በአቋም መለኪያ ጨዋታ አራት አግብተናል»

ይግባ። እነዚያ ጨዋታዎች እግር ማፍታቻ ናቸው፤ አሰልጣኙ በአንድ ጨዋታ ሃያ ልጅ ይቀያይራል። ውጤቱን አትዩ። የመሐል ተከላካዮቹ ጥንድ ሳይቀያየር በተከታታይ መሰለፉን ብቻ እዩ።

«ዋንጫ ካልመጣ ዓመቱ ባከነ»

በ2015 ሁለተኛ መውጣት ወደ አፍሪካ መድረክ በር ከፍቶልናል፤ የኢትዮጵያ ዋንጫን ማሸነፍም ሊከፍት ይችላል። ለኔ የዘንድሮ መለኪያ ይሄ ነው። የአምናው የተከላካይ መስመር ከተያዘና ደመወዝ ካልተንጠባጠበ ከአንድ እስከ አራት ውስጥ እንጨርሳለን ባይ ነኝ። ሁለቱ ከጎደሉ ሰባተኛ ስምንተኛ ላይ እንንሳፈፋለን፣ ቢሆንም አንወርድም። ከዚህ የተለየ ግምት ያለው ካለ ከአምስተኛው ሳምንት በፊት አሁኑኑ ይናገር፤ ኋላ «ብዬ ነበር» የሚል ሰው በጣም ነው የበዛው። ድራፍቱ በተሸናፊው ሒሳብ ነው።