የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፦ በሴቶች ትከሻ ላይ የቆመው የገጠር ጤና አገልግሎት

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በኢትዮጵያ ቀበሌዎች ተመድበው በሽታን የመከላከል ሥራ የሚሠሩና መሠረታዊ ሕክምና የሚሰጡ፣ ደመወዛቸው ከመንግሥት የሚከፈላቸው ባለሙያዎች ናቸው። በአርብቶ አደር አካባቢዎች ከተቀጠሩ ወንዶች በስተቀር ሁሉም ሴቶች ናቸው። ይህም በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር ሴትነት በቅጥር መስፈርቱ ላይ ተጽፎ ነበር። ዛሬ ቁጥራቸው 40,000 ገደማ፣ የሚሠሩባቸው ጤና ኬላዎች ደግሞ ወደ 17,000 ይጠጋሉ። ይህን ያህል የገጠር ሴት በጥቂት ዓመታት ውስጥ በቋሚ ደመወዝ የቀጠረ ሌላ የመንግሥት ሥራ በአገራችን ታሪክ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል።

ከዚያ በፊት

ኢትዮጵያውያን ሴቶች በዘመናዊ ሕክምና ሙያ ውስጥ መታየት የጀመሩት በነርስነት ነው። ከቀደሙት አንዷ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት የተማረችው ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ነበረች። ከነፃነት በኋላ አገሯ ገብታ ብዙም ሳትቆይ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነቀምቴ ላይ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር ሞተች። የንጉሠ ነገሥት ልጅ፣ ያውም የሕክምና ሙያ የነበራት ሴት ከዚህ ካልዳነች፣ የዚያ ዘመን የገጠር እናት ምን ላይ እንደነበረች መገመት አይከብድም። በስሟ አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል ተሠርቷል።

በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከጤና መኮንኖችና ከሳኒቴሪያኖች ጋር የኅብረተሰብ ነርሶችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ልኳል። በደርግ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1978 አልማ አታ ላይ ከተካሄደው ዓለም አቀፍ የመሠረታዊ ጤና አገልግሎት ጉባኤ በኋላ፣ የማኅበረሰብ ጤና ወኪሎችና ሥልጠና የወሰዱ የልምድ አዋላጆች በየቀበሌው ተሰማርተው ነበር፤ ደመወዝ ስላልነበራቸው ግን አብዛኞቹ አልዘለቁም።

ፕሮግራሙ እንዴት ተወለደ

እ.ኤ.አ. በ1993 ሁለት ፖሊሲዎች ወጡ። አንደኛው ከማከም ይልቅ መከላከልን ያስቀደመው የጤና ፖሊሲ ሲሆን ሁለተኛው የሴቶች ፖሊሲ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 35 ሴቶች በሥራ፣ በደረጃ ዕድገትና በእኩል ክፍያ ያላቸውን መብት፣ ከሙሉ ደመወዝ ጋር የወሊድ ፈቃድ እንዲያገኙ፣ እንዲሁም ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር ተያይዞ ከሚደርስባቸው ጉዳት የሚጠብቃቸውን የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርትና መረጃ የማግኘት መብታቸውን ደነገገ። ወረቀቱ ጥሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረው የመጀመሪያው የጤና ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ሲገመገም ግን አገልግሎቱ ቀበሌ ድረስ አለመዝለቁ ታወቀ። የ1992 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው ዘመናዊ የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚጠቀሙ ያገቡ ሴቶች ከመቶ 6 ብቻ ነበሩ። በሠለጠነ ባለሙያ እጅ የሚወልዱትም ከዚያ አይበልጡም።

በሁለተኛው የዘርፉ ፕሮግራም ውስጥ የገባው የጤና ኤክስቴንሽን ለዚህ የተሰጠ መልስ ነበር። ሐሳቡ ከግብርናው የተወሰደ ነው፤ የልማት ሠራተኛ ማሳ ለማሳ ዞሮ ገበሬውን እንደሚያስተምር ሁሉ፣ የጤና ሠራተኛም ቤት ለቤት ትዙር ተባለ። ለእያንዳንዱ ቀበሌ ሁለት ሠራተኞች ተመደቡ። ዕድሜያቸው 18 የሞላ፣ 10ኛ ክፍል ያጠናቀቁ፣ የአካባቢውን ቋንቋ የሚናገሩና ከዚያው ከቀበሌው የተገኙ እንዲሆኑ ተወሰነ። አንድ ዓመት በቴክኒክና ሙያ ተቋም ሠልጥነው ይመለሳሉ።

ለምን ሴት? ከእርግዝና፣ ከወሊድና ከሕፃናት ጋር የተያያዘው ሥራ ሚዛን የሚደፋ ነበር። የገጠር ባለትዳር ሴት ስለ ወር አበባዋ ወይም ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ከወንድ ጋር አትነጋገርም፤ ባሏ እርሻ ላይ እያለ ወንድ ባለሙያ ቤቷ ቢገባም ሐሜት ይከተላታል። ሴት ግን ጓዳ ድረስ ትገባለች። ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ያነሰ ይወሳል፤ ለእኔ ግን የሚበልጠው እሱ ነው። 10ኛ ክፍል ጨርሳ ውጤት ያልመጣላት የገጠር ልጅ የሚጠብቃት ጋብቻ፣ ወይም ከተማ የቤት ሠራተኝነት፣ ወይም ዓረብ አገር ነበር። ይህ ሥራ በተወለደችበት ቀበሌ፣ ወላጆቿ እያዩ፣ የራሷን ደመወዝ የምትቀበልበትን በር ከፈተላት።

በአፋርና በሶማሌ ክልሎች መስፈርቱን የሚያሟሉ ልጃገረዶች ጥቂት ስለነበሩ የትምህርት ደረጃው ዝቅ እንዲልና ወንዶችም እንዲቀጠሩ ተደርጓል። ለከተሞች የተዘጋጀው ፕሮግራም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲጀመር በነርስነት የተመረቁ ሴቶችን ተጠቅሟል።

ሥራው

መጀመሪያ የተሰጣቸው በአራት ዘርፍ የተከፈለ 16 ፓኬጅ፣ ማለትም የአገልግሎት ጥቅል፣ ነበር፤ የግልና የአካባቢ ንጽሕና፣ በሽታን መከላከልና መቆጣጠር፣ የቤተሰብ ጤና፣ እንዲሁም የጤና ትምህርት። ከሥራ ሰዓታቸው ሦስት አራተኛውን በቤት ለቤት ጉብኝት እንዲያሳልፉ ታስቦ ነበር። 96 ሰዓት ሥልጠና ወስዶ መጸዳጃ ቤቱን የቆፈረ፣ ልጆቹን ያስከተበ፣ ከብቶቹን ከመኝታ ክፍሉ የለየ አባወራ «ሞዴል ቤተሰብ» ተብሎ ይመረቃል።

ሥራው ዓመት በዓመት እየከበደ ሄደ። ክኒንና የሦስት ወር መርፌ ይሰጡ የነበሩት ሠራተኞች እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን የወሊድ መቆጣጠሪያ ማስገባት ተማሩ። በዓመቱ ደግሞ የሳንባ ምች፣ የተቅማጥ፣ የወባና የምግብ እጥረት ሕመም የያዛቸውን ሕፃናት ራሳቸው ማከም ጀመሩ። በተማሩ ሐኪሞች ዘንድ «የ10ኛ ክፍል ልጅ እንዴት አንቲባዮቲክ ትሰጣለች?» የሚል ተቃውሞ ተነሥቶ ነበር። ሠራተኞቹ የመተንፈሻ መቁጠሪያውን ሰዓት ይዘው የሕፃኑን ደረት እያዩ መቁጠር ቻሉበት፤ ተቃውሞውም እየረገበ ሄደ።

ጤና ኬላን በቅርብ ላላየ፦ አብዛኛውን ጊዜ የቆርቆሮ ክዳን ያለው ሁለት ወይም ሦስት ክፍል ቤት ነው። ግድግዳው በእጅ በተሳለ ካርታና በሰንጠረዥ ተሸፍኗል፤ በካርታው ላይ እያንዳንዱ ጎጥ፣ ወንዙ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ አለ። በመደርደሪያው ላይ የየቤተሰቡ ማህደር በጎጥ በጎጥ ተለይቶ ተደርድሯል፤ አንዱ ሲከፈት ማን እንዳረገዘች፣ የትኛው ልጅ ክትባቱን እንዳቋረጠ፣ የማን ቤት መጸዳጃ እንደፈረሰ ይነግርሃል። ጥግ ላይ የክትባት መያዣ ሣጥን፣ በምስማር ላይ የሕፃናትን ክንድ የሚለኩበት ባለሦስት ቀለም ጥብጣብ፣ ከበሩ ኋላ ጃንጥላና የጭቃ ቦቲ። ከጤና ጣቢያ ለድጋፍ በምወጣበት ዘመን አንድ የደጋ ቀበሌ ስደርስ በሩ ተቆልፎ «መስክ ነኝ፣ ላይኛው ጎጥ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት አገኘሁ። ላይኛው ጎጥ የሁለት ሰዓት ዳገት ነው። ሠራተኛዋ ያን ቀን የራሷን የስድስት ወር ልጅ አዝላ ነበር የወጣችው።

ነፍሰ ጡሮች ጤና ጣቢያ ሄደው እንዲወልዱ የማሳመኑም ሥራ በዋናነት የእነሱ ነው። ድሮ ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ወደ መንገድ ትወጣ ነበር፤ ኋላ ለወረዳዎች አምቡላንስ ተሰጠ። ሩቅ ላሉት በጤና ጣቢያው ግቢ የእናቶች ማቆያ ተሠራ። ብዙ እናቶች ቤታቸውን የሚመርጡት ባለሙያ ጠልተው ሳይሆን ወግ እንዳይቀርባቸው ነበርና በብዙ ጤና ጣቢያ ገንፎ ተገንፍቶ፣ ቡና ተፈልቶ አራሷ ተቀባችና ሰው ተጠራላት። ይህን ለውጥ ያመጣው የሴቶቹ ጆሮ ነው። እናቶች የሚሉትን ሰምተው ወደ ላይ አደረሱ።

ምን ተለወጠ

ዘመናዊ የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚጠቀሙ ያገቡ ሴቶች ከ1992 ዓ.ም. 6 በመቶ ተነሥተው በ1997 ዓ.ም. 14፣ በ2003 ዓ.ም. 27፣ በ2008 ዓ.ም. 35፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 41 በመቶ ደረሱ። በሠለጠነ ባለሙያ እጅ የሚወልዱ እናቶች ቁጥር ለረጅም ጊዜ አልንቀሳቀስ ብሎ ነበር፤ በ2003 ዓ.ም. እንኳ 10 በመቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን በ2008 ዓ.ም. 28፣ በ2011 ዓ.ም. 50 በመቶ ሆነ። ኢትዮጵያ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ሞት በሁለት ሦስተኛ የመቀነሱን የምዕተ ዓመቱን ግብ ከቀነ ገደቡ ቀድማ ማሳካቷ እ.ኤ.አ. በ2013 ተገልጿል።

ከ100,000 በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት አንጻር የእናቶች ሞት በ1992ቱ ጥናት 871፣ በ2008ቱ 412 ተመዝግቧል። በዚህ ቁጥር ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የናሙና ልኬቱ ሰፊ የስሕተት ወሰን አለው፣ ከ1997 እስከ 2003 ዓ.ም. ባሉት ጥናቶች መካከልም ለውጥ አልታየም። መንገድ፣ የልጃገረዶች ትምህርትና የጤና ጣቢያዎች መበራከትም ድርሻ አላቸው የሚሉ ተመራማሪዎች ትክክል ናቸው። የቤተሰብ ዕቅዱ ለውጥ ግን ያለ እነዚህ ሴቶች ሊመጣ እንደማይችል ቤት ለቤት አብሯቸው የዞረ ሁሉ ያውቃል።

እንደ ሠራተኛ

ፕሮግራሙ የተገልጋዮቹን ሴቶች ሕይወት የለወጠውን ያህል የአገልጋዮቹን አልለወጠም። ከቴክኒክና ሙያ ደረጃ 3 ወደ ደረጃ 4 የሚያሳድግ ትምህርት መጥቷል፤ ብዙዎች ግን ተራ ሲጠብቁ ዓመታት አልፈዋል። ዝውውርም እንዲሁ አስቸጋሪ ነው፤ ባሏ ሌላ ወረዳ የሚሠራ ሴት ከትዳሯና ከሥራዋ አንዱን ለመምረጥ የምትገደድበት ጊዜ አለ።

በፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የወሊድ ፈቃድ ከ90 ወደ 120 ቀን አድጓል፤ 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚተዳደሩት በየክልላቸው ሕግ ነው። በሁለት ሰው በሚሠራ ኬላ አንዷ ስትወልድ ሌላዋ ብቻዋን ቀበሌውን ትሸከማለች፤ ተተኪ አይመደብም። ስለዚህ ፈቃዷን ሳትጨርስ ለክትባት ዘመቻ የምትመለስ አራስ ብርቅ አይደለችም። ሌሎችን ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ እንዲያጠቡ የምታስተምር ሴት የራሷን ልጅ ለአያት ትታ ትወጣለች። ብቻዋን ገደል ለገደል ስትጓዝ ጥቃት የሚደርስባትም አለች፤ ይህ በይፋ የሚነገረው ከሚደርሰው እጅግ ባነሰ መጠን ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በሥራቸው የተደራጀው የሴቶች ልማት ሠራዊት፣ አንዷ አምስት ጎረቤቶቿን በምትመራበት የአንድ ለአምስት አደረጃጀት የታቀፉ ብዙ በጎ ፈቃደኛ ሴቶችን ጨምሮበታል። መንግሥት የሴቶችን አቅም ማጎልበቻ ይለዋል፤ ተቺዎች በነፃ የሚወሰድ የሴት ጉልበት ይሉታል። እውነቱ እንደየቀበሌው ይለያያል።

የምርምሩም ነገር እንዲሁ ነው። ስለ ገጠር እናቶችና ሕፃናት የሚታተሙ ጥናቶች ቁጥር ስፍር የላቸውም። ተመራማሪዎቹ ቀበሌ ሲገቡ ቤቶቹን የምታሳያቸው፣ እናቶችን የምታግባባላቸው፣ የመዝገቡን መረጃ አገላብጣ የምትሰጣቸው ኤክስቴንሽኗ ናት። ስሟ በጥናቱ መግቢያ ምስጋና ውስጥ «የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች» በሚል የጋራ ቃል ይታለፋል።

በላይኛው እርከን ሁኔታው ተለውጧል። በ2012 ዓ.ም. የጤና ሚኒስትር የሆኑት ዶክተር ሊያ ታደሰና በ2016 ዓ.ም. የተተኳቸው ዶክተር መቅደስ ዳባ ሁለቱም የማሕፀንና ጽንስ ሐኪሞች ናቸው። በወረዳ ጽሕፈት ቤትና በጤና ጣቢያ ኃላፊነት ላይ ግን አሁንም የሚበዙት ወንዶች ናቸው፤ 40,000 ሴቶችን የሚቆጣጠረው መካከለኛው እርከን ያ ነው።

በሰሜኑ ጦርነት ብዙ ጤና ኬላዎች ተዘርፈዋል፣ ፈርሰዋልም።

አሁን ያለበት

እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2035 የሚዘልቀው የፕሮግራሙ ማሻሻያ ፍኖተ ካርታ ጤና ኬላዎችን እንደየቦታው ርቀትና ስፋት ይለያያቸዋል። ሰፊ አገልግሎት በሚሰጡት ነርስ፣ አዋላጅ ወይም የጤና መኮንን ይጨመራል። ለእናቶች ትልቅ ነገር ነው፤ ምጥ የመጣባት ሴት ቀበሌዋ ውስጥ አዋላጅ ታገኛለች። ለነባሮቹ ሠራተኞች ግን አዲስ ጥያቄ አስከትሏል። ኬላውን አሥራ አምስት ዓመት ያስተዳደረች፣ የእያንዳንዱን ቤት በር የምታውቅ ሴት፣ ትናንት ከተመረቀና ቀበሌውን ከማያውቅ ባለዲግሪ ወጣት በታች ትሆናለች ወይስ እሷ ትመራለች? በየወረዳው መልሱ የተለያየ ነው። በአንዳንዱ ኬላ ቁልፉ አሁንም በእሷ እጅ ነው፤ በሌላው ርክክብ ተፈርሟል።