«እርጅና ነው» ከማለታችን በፊት

እዚህ ጎንደር ቡና በተፈላበት ቤት ሁሉ የሆርሞን ወሬ አይጠፋም። ብጉር ከወጣባት ሆርሞን ነው፤ ከወፈረች ሆርሞን ነው፤ ከተቆጣችም ሆርሞን ነው። ከምሰማው ውስጥ ጉዳት የሚያመጣውን ላንሳ።

«ሆርሞን የሴት ጣጣ ነው።» አይደለም። ሆርሞን በደም የሚዞር መልእክተኛ ነው። ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊንም ሆርሞን ነው፤ የወንዱንም የሴቷንም ስኳር ያስተካክላል።

«እንቅርት በዘር ነው የሚመጣው።» ዘር ድርሻ ቢኖረውም፣ በደጋ አገራችን ዋናው ምክንያት የአዮዲን እጥረት ነው። ዝናብና ጎርፍ አዮዲኑን ከአፈሩ ያጥበዋል፤ በዚያ አፈር የበቀለው እህልም አዮዲን ያንሰዋል። የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞኑን የሚሠራው በአዮዲን ነው። ሲያጣ አንገት ላይ ያብጣል። ስለዚህ ቅዳሜ ገበያ ጨው ስትገዙ አዮዲን ያለው መሆኑን እዩ። ቤት ውስጥ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት። ወጥ ውስጥም የምትጨምሩት ሊወጣ ሲል ይሁን፤ ፀሐይና ረጅም እሳት አዮዲኑን ይቀንሱታል።

«አንገቴ ካላበጠ ታይሮይዴ ደህና ነው» የሚሉም አሉ። ዕጢው ሳያብጥም ሊደክም ይችላል። ያኔ ሰውየው ይዝላል፣ ብርድ አይችልም፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ይረሳል። እማማ «ጋቢ ደርቤም ይበርደኛል፤ ነገርም እየረሳሁ ነው» ሲሉን «እርጅና ነው እማማ» ብለን እናልፋለን። እኔን በጣም የሚቆጨኝ ይሄ ነው። በደም ምርመራ ይታወቃል፤ ታይሮይድ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ በየቀኑ በሚዋጥ ክኒን ይስተካከላል። እባካችሁ አንዴ አስመርምሯቸው።

«ካረጥኩ በኋላ ደም አየሁ፤ ልጅነቴ ተመለሰ።» ይሄ አደገኛ ነው። ማረጥ በሽታ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ጊዜ ይመጣል። የወር አበባ ለ1 ዓመት ከቆመ በኋላ የሚታይ ደም ግን የማህፀን ካንሰር ምልክት ሊሆን ይችላል። ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። በዚህ ዕድሜ ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ስለሚቀንስ አጥንትም ይሳሳል። በእግር መሄድ ይጠቅማል። ካልሲየም ለማግኘት በፍስክ ወተትና እርጎ፣ በጾም ደግሞ ጎመንና ሰሊጥ አለላችሁ።

«ዴክሳ ያወፍራል፣ ያሳምራል።» ዴክሳሜታሶን ኮርቲሶል የሚባለውን ሆርሞን የሚመስል መድኃኒት ነው። ፊት ያብጣል እንጂ ጤና አይጨምርም። ስኳርና ደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ አጥንት ያሳሳል። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ደግሞ ሰውነት የራሱን ኮርቲሶል መሥራት ያቆማል። ስለዚህ ስትወስድ የቆየች እህት ካለች በአንዴ አታቁም። ሐኪም ቀስ በቀስ ይቀንስላት።