ከድሬዳዋ ወጥቶ በሰው አገር የጤና መድህን ማግኘት

በድሬዳዋና በሐረር «የጤና መድህን» ሲባል በቅድሚያ የሚታሰበው የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ በሂደት የሰፋው ይህ ሥርዓት መደበኛ ደመወዝ የሌለውን ኅብረተሰብ የሚያቅፍ ሲሆን፣ አባወራው ወይም እማወራዋ ተመዝግበው ዓመታዊ መዋጮ ሲከፍሉ ቤተሰቡ ይታከማል። ታካሚው መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ሕመሙ ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ ከሆነ ሪፈር ተጽፎለት እንደ ድል ጮራ ወይም ሐረር ላይ እንደ ጀጎል ወዳለ ሆስፒታል ይላካል። ድንበር የተሻገረ ሰው ግን ይህን መብት ይዞ አይሄድም። በደረሰበት አገር መድህን የሚገኘው በአብዛኛው በመኖሪያ ፈቃድና በሥራ ውል በኩል ስለሆነ፣ «የትኛው መድህን ይሻላል?» ከሚለው በፊት «የምገባው በምን ዓይነት ቪዛ ነው?» የሚለው ጥያቄ መልስ ማግኘት አለበት።

የባሕረ ሰላጤው አገሮች የሠራተኛውን መድህን በአብዛኛው የአሠሪው ግዴታ አድርገውታል። የእኛው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008ም የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የመኖሪያ ፈቃድና የመድህን ሽፋን ወጪዎችን አሠሪው እንዲሸፍን ደንግጓል። ስለሆነም «የኢንሹራንስ» ተብሎ ከተጓዧ ገንዘብ ሲጠየቅ፣ ቤተሰቧ ከብት ሸጦ ወይም ዕቁብ ወስዶ ከመክፈሉ በፊት የጥያቄውን ሕጋዊነት ማጣራት ይኖርበታል።

በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ መድህንን በማስገደድ ቀድመው የተነሡት አቡዳቢና ዱባይ ናቸው፤ የዱባዩ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ ግዴታው በቀሩት ኤምሬቶች ለሚሠሩ የግል ድርጅትና የቤት ሠራተኞች ተዘርግቷል። የመሠረታዊው ጥቅል ዓረቦን (የመድህን ክፍያ) በዓመት ከ320 ድርሃም ይጀምራል፣ ያለ እርሱም መኖሪያ ፈቃድ አይሰጥም፣ አይታደስም። ይህ ማለት ግን ሕክምናው ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው ማለት አይደለም። በዚህ ጥቅል ተኝቶ የሚታከም ሰው የወጪውን 20 በመቶ ራሱ ይከፍላል፤ ክፍያው በአንድ ጊዜ ከ500፣ በዓመትም ከ1,000 ድርሃም አይበልጥም።

በሳዑዲ ዓረቢያ መድህኑ ከኢቃማው፣ ማለትም ከመኖሪያ ፈቃዱ ጋር የተሳሰረ ነው። የሆስፒታሉ እንግዳ ተቀባይ የኢቃማውን ቁጥር ኮምፒውተር ላይ ሲያስገባ ሽፋኑ መኖር አለመኖሩ ይታያል፤ ሠራተኛውም ቢሆን በዚያው ቁጥር በአገሪቱ የጤና መድህን ምክር ቤት ድረ ገጽ ላይ ማየት ስለሚችል፣ «አስገብቼልሃለሁ» የሚለውን የካፊል (የአሠሪ) ቃል ሳይታመም ማረጋገጥ ይችላል። ደካማው ቦታ የቤት ሠራተኞች ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2024 የተጀመረው ግዴታ የሚመለከተው ከአራት በላይ የቤት ሠራተኞች ያሉትን አሠሪ ነው። አንዲት ሠራተኛ ብቻ ያለችበት ቤት ከዚህ ውጭ ስለሚሆን፣ ከዚህ የምትሄደው ልጅ ሕክምናዋን ማን እንደሚከፍል በውሏ ላይ በግልጽ ተጽፎ ማየት ይኖርባታል።

አውሮፓ ሌላ አሠራር አለው። ለአጭር ጊዜ የሸንገን ቪዛ (ለብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ ለሚያገለግለው) ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድህን ይጠየቃል፤ ለነዋሪነት ግን ይህ አይበቃም። በጀርመን ተቀጣሪው ሕዝባዊ የጤና መድህን ድርጅት መርጦ ይመዘገባል። ከደመወዙ 14.6 በመቶና ድርጅቱ የሚጨምረው መዋጮ ሲቆረጥ ግማሹን አሠሪው ይከፍላል፤ ገቢ የሌላቸው የትዳር ጓደኛና ልጆች ያለ ተጨማሪ ክፍያ ስለሚካተቱ፣ በአንድ አባል ቤተሰብ ይታከማል የሚለው የእኛ ልማድ እዚያም አለ። ጥገኝነት ጠያቂ ግን በመጀመሪያዎቹ 36 ወራት የሚያገኘው በዋናነት የድንገተኛ ሕመምና የሥቃይ ሕክምና ነው። ብሪታንያ የጤና አገልግሎት ክፍያውን ከቪዛው ማመልከቻ ጋር አስቀድማ ትቀበላለች፤ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ወዲህ ለአዋቂ በዓመት 1,035፣ ለተማሪ 776 ፓውንድ በመሆኑ ለሦስት ዓመት የሚሄድ ተማሪ 2,328 ፓውንድ በአንድ ጊዜ ማዘጋጀት አለበት።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ሕጋዊ ወረቀት ላለው ነው። ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ተጉዞ፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን ተሻግሮ ሳዑዲ የሚገባ ወጣት ኢቃማ ስለሌለው መድህን ሊኖረው አይችልም። በጉልበት ሥራ ላይ ወድቆ እግሩ ቢሰበር በሆስፒታሉ መስኮት የሚያሳየው ቁጥር የለውም፤ እያዛለሁ ብሎ ስለሚፈራም በር ላይ ሳይደርስ በጓደኞቹ መዋጮ፣ ተደብቆ በሚኖርበት ክፍል ለመዳን ይሞክራል።