ዛንዚባር፦ ከጎጃም ለሚነሳ ሰው

ዛንዚባር አንድ ደሴት ብቻ አይደለችም። ከታንዛኒያ ጠረፍ ማዶ፣ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ያለች የደሴቶች ስብስብ ናት። ትልልቆቹ ኡንጉጃ እና ፔምባ ናቸው፤ ሰው "ዛንዚባር ሄድኩ" ሲል አብዛኛውን ጊዜ ኡንጉጃን ማለቱ ነው። በ2022 ቆጠራ ሕዝቧ ወደ 1.9 ሚሊዮን ደርሷል (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከጥቂቱ በቀር ሙስሊም ነው፤ ቋንቋው ስዋሂሊ።

ከባሕር ዳርም ሆነ ከደብረ ማርቆስ ለሚነሳ ሰው መንገዱ ከሚያስበው ይቀላል። አዲስ አበባ ከደረሳችሁ በኋላ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቀጥታ ያደርሳችኋል። የቪዛውን ጉዳይ ከመነሳታችሁ በፊት ጨርሱ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያዙ፤ ከኢትዮጵያ የሚገባ ሰው ይጠየቃል። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ደግሞ የውጭ ጎብኚ የደሴቷን የጉዞ ኢንሹራንስ የመግዛት ግዴታ አለበት፣ ወጪያችሁ ውስጥ አስገቡት።

ወቅቱ ለእኛ የተመቸ ነው። እኛ ጋ ክረምቱ ሲበረታ እዚያ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ከጁን እስከ ኦክቶበር። ለመምህራንና ለተማሪዎች ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ከማርች እስከ ሜይ ግን ከባድ ዝናብ ነው፣ አንዳንድ ሆቴሎችም ይዘጋሉ።

ባሕሩን በተመለከተ አንድ ነገር ቀድማችሁ እወቁ። ጣና ዳር ያደገ ሰው ውኃው ጠዋት ያየበት ቦታ ከሰዓትም እንደሚጠብቀው ያምናል። እዚያ እንደዚያ አይደለም። በምሥራቁ ጠረፍ፣ ፓጄ እና ጃምቢያኒ፣ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ በጣም ርቆ ይሸሻል፤ በሸሸበት ሰዓት ሴቶቹ ወርደው በችካልና በገመድ የሚያለሙትን የባሕር ሣር ይሰበስባሉ። ማየቱ ደስ ይላል፣ መዋኘት ግን አይታሰብም። በየትኛውም ሰዓት መዋኘት የፈለገ ወደ ሰሜን፣ ወደ ኑንግዊ ወይም ኬንድዋ ይሂድ። ኑንግዊ ዳዎ የሚባሉት የእንጨት ጀልባዎች ዛሬም በእጅ የሚሠሩበት መንደር ነው።

ከአሸዋው በላይ ግን ደሴቷን ደሴት ያደረጋት ንግዱ ነው። መነሻው ነፋስ ነው። ከዲሴምበር ጀምሮ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ የዓረቡን፣ የፋርሱንና የሕንዱን ጀልባ እየገፋ ያመጣል፤ ከአፕሪል በኋላ ተገልብጦ ወደመጣበት ይመልሰዋል። ነጋዴው ነፋሱ እስኪዞር ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነበረበት። ሲጠብቅ ቤት ሠራ፣ አገባ፣ ወለደ። የስዋሂሊ ባህል ያደገው በዚህ ዓይነት መቀላቀል ነው። ፖርቹጋሎች መጡ፣ ቆዩ፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የኦማን ዓረቦች አስወጧቸው። ሱልጣን ሰይድ ሰዒድ ደሴቷን እጅግ ከመውደዱ የተነሳ በ1840 አካባቢ መናገሻውን ከኦማኗ ከተማ ከሙስካት ወደዚህ አዛወረ። ቅርንፉድ በሰፊው ያስተከለውም እሱ ነው። ሻይ ውስጥ የምንጨምራት ያቺ ትንሽ ቅመም ዛንዚባርን ሀብታም አደረገቻት። በ1872 ከባድ አውሎ ነፋስ የኡንጉጃን እርሻ ሲያወድም ፔምባ ግን ብዙም ስላልተጎዳች፣ ዛሬም አብዛኛው ቅርንፉድ ከእሷ ነው የሚመጣው።

ቅርንፉዱን የሚለቅመው ባሪያ ነበር። ዝሆን ጥርሱን ከመሐል አፍሪካ ተሸክሞ የሚያመጣው ሰው ብዙ ጊዜ ራሱም ይሸጥ ነበር። ዋናው የባሪያ ገበያ የተዘጋው በ1873፣ በእንግሊዞች ግፊት ሱልጣን በርጋሽ ውል ሲፈርም ነው። ገበያው በነበረበት ቦታ ላይ የአንግሊካን ካቴድራል ተሠራበት፤ መሠዊያው የቆመው ባሪያዎች ይገረፉበት በነበረው ቦታ ላይ ነው ይባላል። ግቢው ውስጥ ጉድጓድ ውስጥ በሰንሰለት የታሰሩ ሰዎች ሐውልት አለ።

እዚህ ቦታ ጎጃሜ የሆነ ሰው ቸኩሎ ማለፍ የለበትም ብዬ አምናለሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በደቡብ ጎጃም የባሶ ገበያ ስመ ጥር ነበር። ከአባይ ማዶ፣ ከእናርያና ከሌሎቹ የጊቤ አገሮች፣ ወርቅ፣ ዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቡና ይመጣበት ነበር። ሰውም ይመጣበት ነበር። ከዚያ በጎንደር አድርጎ ወደ ምጽዋና ወደ መተማ ይሄዳል። በአገራችን ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1942 ነው። ስለ ባሶ አሞሌና ወርቅ ስናወራ እነዚያን ሰዎች አብረን ማንሳት አለብን፤ ዛንዚባሮች ቢያንስ ቦታውን ለጎብኚ ክፍት አድርገው ያሳያሉ።

የቀረው ታሪክ ፈጣን ነው። በ1890 የእንግሊዝ ጥበቃ ግዛት ሆነች። በ1896 ከእንግሊዝ ጋር የተዋጋችው ጦርነት አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም። በዲሴምበር 1963 ነፃ ወጣች፣ በወሩ አብዮት ሱልጣኑን አባረረ፣ በአፕሪል 1964 ከታንጋኒካ (ከዛሬዋ ታንዛኒያ የየብስ ክፍል) ጋር ተዋሐደች። አሮጌው ከተማ ስቶን ታውን ከ2000 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። ቤቶቹ ከባሕር ድንጋይ የተሠሩ፣ በሮቹ የተቀረጹና ናስ የተመቱ ናቸው፤ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ በእግር ነው የሚታየው። እዚያ ስትዞሩ ሰውነትን የሚሸፍን ልብስ ልበሱ፣ የዋና ልብስ ለባሕሩ ዳር ብቻ ነው።

ስለ ምግብ፦ ሥጋው የሙስሊም ነው። ይህ የሚከብደው ክርስቲያን አይቸገር፣ ዓሣ እንደ ልብ አለ። ለጿሚ ደግሞ በኮኮናት ወተት የተሠራ ቦሎቄ በሩዝ አለ፣ በጣም ይጣፍጣል፤ ቅቤ እንዳልገባበት ግን ጠይቁ። ማታ ማታ ፎሮዳኒ የሚባለው የባሕር ዳር መናፈሻ በምግብ ሻጭ ይሞላል። ዋጋውን ከመብላታችሁ በፊት ተስማሙ።

ሰዓት ላይ ደግሞ እኛን የሚመች ነገር አለ። ስዋሂሊ ተናጋሪ እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ ነው የሚቆጥረው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲላችሁ የእኛው አንድ ሰዓት ነው። የጀልባና የአውሮፕላን ትኬት ላይ የሚጻፈው ግን የፈረንጁ ስለሆነ፣ ቀጠሮ ስትይዙ በየትኛው እንደሆነ ጠይቁ።