ከወር አበባ በፊት የሚመጣ ብርቱ ንዴት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የወር አበባ ሊመጣ ሲል መነጫነጭና ሆድ መባስ ብዙ ሴቶች የሚያውቁት ነው። እዚህ የማነሣው ግን ከዚያ የከበደውን፣ በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ PMDD የሚባለውን ሕመም ነው፤ ቤት የሚያናጋ ቁጣና ከሥራ የሚያስቀር ተስፋ መቁረጥ፣ ደም መፍሰስ በጀመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ ደግሞ እንዳልነበረ የሚጠፋውን።

«የሁሉም ሴት ነው፤ ቻይው»
ከባዱ ዓይነት የሁሉም አይደለም። የወር አበባ ከሚያዩ 100 ሴቶች ከ3 እስከ 8 የሚሆኑትን እንደሚያጠቃ ይገመታል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ መዝግቦታል። «ቻይው» የሚለው ምክር ስንት ሴት ሳትታከም እንድትኖር እንዳደረገ ሳስብ ያመኛል።

«ሆርሞኗ ተዛብቷል»
በአብዛኛው አልተዛባም። የእነዚህ ሴቶች የሆርሞን መጠን ከሌሎች ሴቶች አይለይም፤ የሚለየው አንጎላቸው ለሆርሞኑ መውጣትና መውረድ የሚሰጠው ምላሽ ነው። እንቁላል ከወጣ በኋላ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን ይጨምራል፤ ከእርሱ የሚገኝ ሌላ ንጥረ ነገር አንጎልን ማረጋጋት ሲገባው በእነርሱ ላይ ይህ ሥራው የተቃና አይሆንም። ስለዚህ «የደም ምርመራሽ ጤናማ ነው» የተባለች ሴት ሕመሙን ፈጠረችው ማለት አይደለም።

«ጠባይዋ ነው»
ይህን የሚለየው ማስታወሻ ደብተር ነው። ቢያንስ ለሁለት ተከታታይ የወር አበባ ዑደቶች ስሜትን በየዕለቱ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ማስታወስ ያሳስታል። ንዴቱ ወይም ሐዘኑ የወር አበባው ካለፈ በኋላም የማይለቅ ከሆነ፣ ድባቴ ወይም ሌላ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናውም ይለያል።

«ቁጣዋ ምክንያት የለውም»
ከሁሉም ይልቅ የሚያስቆጣኝ ይህ ነው። ሕመሙ ቁጣውን ያገንነዋል እንጂ ምክንያቱን ሁልጊዜ አይፈጥረውም። በሌላው ጊዜ ዝም ብላ የተሸከመችው በደል በእነዚያ ቀናት ይወጣል። ነገሩን ጽፋ ታቆየውና ስትረጋጋ ታንሣው፤ ያን ጊዜም ተገቢ መስሎ ከታያት ቁጣዋ ምክንያት ነበረው ማለት ነው። በሌላ በኩል ሕመም ልጅን ለመምታት ወይም ሰውን ለማዋረድ ፈቃድ አይሰጥም። ቀኖቹን ለቤተሰብ አስቀድሞ መናገር፣ ከባድ ውሳኔን ማሳደር፣ ቁጣው ሲነሣ «ቆይቼ እመለሳለሁ» ብሎ ከክፍሉ መውጣት ይረዳል።

«መድኃኒቱ ለመሥራት ወራት ይፈጃል፤ ሱስም ያስይዛል»
ሴሮቶኒን በሚባለው፣ ከስሜት ጋር በተያያዘ የአንጎል ንጥረ ነገር ላይ የሚሠሩት እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉ መድኃኒቶች ለድባቴ ሳምንታት ሲፈልጉ፣ ለዚህ ችግር ግን በቀናት ውስጥ ሊያሽሉ ይችላሉ። ሱስ አያስይዙም። አንዳንድ ሴቶች ሐኪም አዝዞላቸው እንቁላል ከሚወጣበት ጊዜ ጀምሮ የወር አበባ እስኪመጣ ድረስ ብቻ ይወስዷቸዋል። አንዳንድ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብሎችም ይረዳሉ፤ ስሜታቸው የሚባባስባቸው ሴቶችም ስላሉ ምርጫው ከሐኪም ጋር ይሁን።

«ስትወልድ ይለቃታል»
በእርግዝና ጊዜ ዑደቱ ስለሚቆም ፋታ ይኖራል። የወር አበባው ሲመለስ ችግሩም ሊመለስ ይችላል።

«እሞታለሁ የምትለው ለማስፈራራት ነው፤ ያልፍላታል»
ይህ ሕመም ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊያመጣ ይችላል። በቀናት ውስጥ እንደሚያልፍ ቢታወቅም፣ አደጋው ያለው በእነዚያው ቀናት ነው። እንዲህ ያለችን ሴት ብቻዋን አትተዉአት፤ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ውሰዷት።